የሰብለን መድኃኒት ፍለጋ፤ ከደሴ እስከ አፍንጮ በር

ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ምን እንዳየ ይጠየቃል። እኔን የጠየቁኝ ጎረቤቶች ሁሉ ስለ አዲሱ መንገድና ስለ መብራቱ እንዳወራላቸው ነው የፈለጉት። መብራቱ አለ፤ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። እኔ ግን የሄድኩት መድኃኒት ፍለጋ ስለሆነ የምጽፈውም ስለ መድኃኒት ነው። የከፋው ሰው የጻፈው ነውና ጣፋጭ ወሬ የሚሻ እዚሁ ላይ ይተወው።

ስሜ ይመር ነው። ደሴ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለችው ኩላሊት የኔ አይደለችም፤ የታናሽ እህቴ የየሺ ናት። ሁለት ነበሯት፣ አንዷን ለኔ ሰጠችኝ። የሰው ገላ ግን ቸርነት አይገባውም። የእህት ሥጋ ይሁን የጠላት ጥይት፣ ባዕድ ነው ካለ ይዘምትበታል። ዘመቻውን የሚያስታግስ ታክሮሊመስ የሚባል መድኃኒት ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። እሱን ካቋረጥኩ የየሺን ኩላሊት የገዛ ደሜ ይበላታል። ዘንድሮ ይህ መድኃኒት ከደሴ ጠፋ። የቀረኝ ለሁለት ሳምንት የማይበቃ ሲሆን ከአዲስ አበባ፣ ከአፍንጮ በር፣ ስልክ ተደወለልኝ።

የደወሉት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የሰብለ እናት። ከሰብለ ጋር የተዋወቅነው አዲስ አበባ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋችን ጎን ለጎን ሆኖ ነው። በኋላ ሁለታችንም ዘመድ ሰጥቶን ንቅለ ተከላ ተደረገልን። እሷ በቅርቡ ጉንፋን ይዟት፣ ሳንባዋ ላይ ወርዶ ሞተች። ጉንፋን! በዚህ ዘመን ሰው በጉንፋን ይሞታል?

እኛ የሰው ኩላሊት የተሸከምን ሰዎች አንድ ልማድ አለን። መድኃኒት ሲያልቅብን እንበዳደራለን፤ የሞተብን ካለም የተረፈው መድኃኒት ለቀሪው ይሰጣል። የሟች ልብስ ለነዳይ እንደሚሰጠው ማለት ነው።

"ልጄ፣ የሰብለ መድኃኒት እንዳለ ተቀምጧል" አሉኝ እትዬ ዘነበች። "ለማንም አልሰጥም፤ ላንተ ነው። እሁድ አርባዋ ነው፤ ናና ውሰድ።"

"ላዩ ላይ ምን ይላል ስሙ፣ እትዬ?"

"እኔ ፈረንጅኛ የት አውቄ! ያው የናንተው ነው፣ የኩላሊት።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል። ሌላ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣሁ። አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የሚስል፣ ከፊቴ የሚያስነጥስ። መስኮቱን ገርበብ ባደርገው አውቶቡሱ በሙሉ ጮኸብኝ። "ኧረ ዝጋው! ንፋስ ይመታናል!" የኛ ሰው የሳንባ በሽታ አይፈራም፤ ንፋስ ይፈራል። ዘጋሁት።

አጠገቤ የተቀመጡ ወፍራም እናት ከከሚሴ ወዲህ ቆሎ ዘገኑልኝ። በእጅ የተዘገነ ነገር ስለማልበላ አመስግኜ እንቢ አልኩ።

"ምን ሆነህ ነው? ማስክ፣ ቆሎ እንቢ፣ መስኮት ክፈቱልኝ! ኮሮና እኮ አልቋል፣ ወንድም ጋሼ።"

"ለኔ አላለቀም። ኩላሊቴ የሰው ናት። ጉንፋን ከያዘኝ አልነሣም።"

ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ስሙ! ይሄ ሰውዬ የሰው ኩላሊት ነው የተሸከመው! መስኮት ክፈቱለት፣ የምትስሉም ወደ ኋላ ሂዱ!" አሉ። ያ ሁሉ ንፋስ ይፈራ የነበረ ሕዝብ መስኮቱን ባንድ ጊዜ ከፈተው። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት እስከ ጣርማ በር ጉም ድረስ ማንም አልዘጋም። ጣርማ በር ላይ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ "እባካችሁ ዝጉት" ብዬ የለመንኩ እኔው ነኝ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። በዚህ ጉዞ ያለ አበሳ የተቀበልኩት ደግነት ይህ ብቻ ነው።

ጣርማ በር ከመድረሳችን በፊት ደብረ ሲና ላይ ምሳ ወርደን ነበር። ሌላው ጥሬ ሥጋ ሲያስቆርጥ እኔ ተጋቢኖዬን እየተንተከተከ አስመጥቼ ምላሴን አቃጠልኩ። አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው አፍንጮ በር ታክሲ መውረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከጥንት ጀምሮ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ለኔ ብለው ውሃ አፍልተው በፔርሙስ አስቀምጠዋል፤ ሳህኑን በፈላ ውሃ አጥበዋል። የሰብለን አልጋም አንጥፈውልኛል። ፍራሹ እንደ ሊጥ የሚውጥ ነው፤ ወገቤን ስለማውቀው "ሶፋው ይበቃኛል፣ እትዬ" አልኳቸው። ቅር እንዳላቸው አየሁ።

ዓርብ ከቁርስ በኋላ እትዬ ዘነበች ከቁም ሳጥን ውስጥ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እንደ ጽላት ቀስ አድርገው ፈቱት። ለወራት የሚበቃ መድኃኒት ነው፤ ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። አንዱን አንሥቼ ስሙን አነበብኩ። ሳይክሎስፖሪን።

ክው አልኩ። የኔ ታክሮሊመስ ነው። ሁለታችንም ኩላሊት የተተከለልን ስለሆነ አንድ መድኃኒት የምንወስድ መስሎኝ ኖሯል! ከንቅለ ተከላው በኋላ ስንት ቀን ጎን ለጎን ተኝተን የማታ ክኒናችንን አብረን ስንውጥ አንዴ እንኳ ያንቺ ምንድነው አላልኳትም።

"ምነው ልጄ? ፊትህ ጠቆረ።"

"ምንም፣ እትዬ። እሷን አስታወሰኝ።"

"እሁድ ሰው ሁሉ ፊት ነው የምሰጥህ" አሉና መልሰው ጠቀለሉት። "የልጄ ምጽዋት ነው። እስከዚያ አይነካም።"

ወደ ፒያሳ ወረድኩ። እኛም ደሴ ፒያሳ አለን። የኛይቱ ፒያሳ አቧራዋም ግርግሯም አለ፤ ሰዎቿም አሉ። የዚህችኛዋ የማውቃት ግማሿ የለችም። ከሰብለ ጋር እጥበት ውለን ስንወጣ ኬክ እየቆረስን የምንሳሳቅበትን ቤት ፈልጌ አጣሁት። ቦታው ሰፊ መንገድ፣ አበባና ወንበር ሆኗል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ይመቻል። ሰው ግን ኬክ ቤቱን እንጂ ወንበሩን ብሎ ከደሴ አይመጣም።

የቀሩትን ፋርማሲዎች አንድ በአንድ ዞርኩ። "የለም።" "አልቋል።" "ከየት ሰማህ?" ከወርቅ ቤቶቹ በታች ያለው ፋርማሲ ውስጥ የቆመው ወጣት ትንሽ አሳቀኝ። "ፋዘር፣ እሷ መድኃኒት የአራዳ ልጅ ሆናለች። ዛሬ እዚህ ታየች ይባላል፣ ስትደርስ የለችም።" ከዚያ ፊቴን አየና አፈረ። "ይቅርታ ፋዘር። ስልክዎን ይተዉልኝ፣ ከመጣች እደውላለሁ" አለኝ። እስካሁን አልደወለም።

ቅዳሜ አራት ኪሎ ሂሩትን አገኘኋት። ሂሩት ደሴ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ የምታጠናውም ፕሮቲን ነው። ዛሬም "ቲቸር" ነው የምትለኝ። ማኪያቶና ብስኩት አዘዘችልኝና የመጣሁበትን ነገርኳት። "ንገሪኝ፤ ሁለቱም ሰውነት እንዳይዘምት የሚከለክሉ ከሆነ የሰብለን ብውጠው ምን አለበት?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ታክሮሊመስ ብቻውን ምንም አይሠራም" አለችኝ።

"እንዴት ምንም?"

"ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ዒላማው ካልሲኒዩሪን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ግን ብቻውን ሄዶ ሊይዘው አይችልም። መጀመሪያ ኤፍ ኬ ቢ ፒ የምትባል ትንሽ ፕሮቲን ያገኛል። እሷ ኪስ የመሰለ ጉድጓድ አላት፤ እዚያ ይወሸቃል። ሙሉ በሙሉ ግን አይገባም።" ብስኩቱን ገምሳ ጭብጧ ውስጥ ከተተችው፤ ጫፉ በጣቶቿ መሀል ብቅ አለ። "ይኸው፤ ጭብጤ ፕሮቲኗ፣ ብስኩቱ መድኃኒቱ። ብቅ ያለው ብስኩትና የጣቶቼ ጠርዝ አንድ ላይ አዲስ ፊት ሠሩ አይደል? ካልሲኒዩሪን ላይ ልክክ የሚለው ይህ ፊት ነው። ብስኩቱ ብቻውን አይገጥምም፣ ጭብጤም ብቻዋን አትገጥምም።" ጭብጧን፣ ካልሲኒዩሪን ይሁን ብላ፣ ማኪያቶ የጠጣሁበት ብርጭቆ አፍ ላይ ደፋችው፤ አፉ ተዘጋ።

"ሽምግልና ነው በይኛ። ጎረምሳው ብቻውን ልጅ ሊጠይቅ ቢሄድ ማን በር ይከፍትለታል?"

"እንደዛ ይበሉት" ብላ ሳቀች። "ካልሲኒዩሪን ሥራው ሰውነት እንዲዘምት የሚያዘውን ፕሮቲን፣ የክተት መልእክተኛውን፣ መፍታት ነው። መልእክተኛው ላይ የታሰረውን ፎስፌት ይቆርጥለታል፤ ያኔ መልእክተኛው ወደ ሕዋሱ ማዕከል ገብቶ ክተት ያስነግራል። አፉ ከተዘጋ ግን መልእክተኛው እንደታሰረ ይቀራል፣ ክተት የለም፣ ኩላሊትዎም በሰላም ያድራል።"

"ሳይክሎስፖሪንስ?"

"እሱም የሚዘጋው ያንኑ ካልሲኒዩሪንን ነው። የሚለየው ሽማግሌው ነው፤ እሱ ሳይክሎፊሊን ከምትባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው የሚሄደው። የመድኃኒቶቹ መልክም አይገናኝ፣ የሽማግሌዎቹም አይገናኝ፤ የሚሄዱበት ቤት ግን አንድ ነው።"

"ቤቱ አንድ ከሆነማ..."

"ቲቸር! በእግዚአብሔር፣ ሁለቱን ደርበው እንዳይወስዱ! ካልሲኒዩሪን እኮ ኩላሊቱም ውስጥ አለ። ከሁለት ወገን ከተጫኑት የኩላሊቱ ደም ሥር ይጨመደዳል፤ እናድናለን ብለን እናንቀዋለን። መቀየር ይቻላል፤ ግን የሚቀይረው ሐኪም ነው፣ ደምዎ እየተለካ። ፍሬ በፍሬ አይመነዘርም።"

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። "ሂሩት፣ ክተቱ የሚታገደው በኩላሊቱ ላይ ብቻ ነው?"

ጭብጧን ፈታች። "አይለይም ቲቸር። ለጉንፋንም የሚወጣው ክተት ያው ነው።"

ሰብለ ክኒኗን አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም። የኛን ሁሉ ሰዓት የምታስታውስ፣ የዘነጋን የምትቆጣ ልጅ ነበረች። ያ ሳይክሎስፖሪን የታዘዘውን ሠራ፤ ሽማግሌውን ይዞ ሄደ፣ በሩን ዘጋ፣ መልእክተኛውን አስሮ አስቀመጠ። ጉንፋኑ ሲመጣ በበቂ የሚዘምትላት አልነበረም። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ሳይ ማድነቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ጠላሁት።

ማታ እራት ላይ እትዬ ዘነበች ሹሮውን እያቀረቡልኝ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "አንተ የተማርክ ነህ። ልጄ መድኃኒቷን አስታጉላ አታውቅም። ታዲያ ምን ገደላት?"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። "ቀኗ ደርሶ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ልበል? ጉብዝናዋ ነው ልበላቸው?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው በሰው ሞላ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው በልቶ እንዳበቃ እትዬ ዘነበች ነጠላውን ይዘው መሀል ቆሙ። "ይህ የልጄ የሰብለ ምጽዋት ነው" አሉ። "ከሷ ጋር በበሽታ አልጋ የተገናኘ ወንድሟ ከወሎ ድረስ መጥቷል። እሱ ይዳንበት።" ሴቶቹ አለቀሱ። እጄን ዘርግቼ ልቀበል ስል አንዱን እንክብል ከማሸጊያው አውጥተው በብርጭቆ ውሃ አቀረቡልኝ። "በፊቴ ዋጥልኝ። ልየው።"

የጠዋት ታክሮሊመሴን ውጬ ነው የመጣሁት። የሂሩት ጭብጥ ታየኝ። "እትዬ፣ እወስደዋለሁ፤ አሁን ግን አልችልም።"

"አፈር ስሆን!"

ልጃቸው ገና ትናንት አፈር የሆነች እናት አፈር ስሆን ሲሉ እንቢ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልነግረው አልችልም። ግን እንቢ አልኩ። "ለኔ አይሆነኝም፣ እትዬ። ይቅርብኝ።"

"ለምን አይሆንህም?"

"የኔ ሌላ ዓይነት ነው፤ ይሄኛው..." ብዬ ስጀምር አንድ ጋቢ የለበሱ ጎረቤት "ተዪው ዘነበች" አሉ። "የሙት ዕቃ ፈርቶ ነው። ሰው ነው፣ ይፈራል።" ግቢው ሁሉ እህ አለ። ይህን ሁሉ ሰው ፊት ስለ ፕሮቲንና ስለ ኪስ ላስተምር? ነገ ለብቻቸው አስረዳቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። እትዬ ዘነበች ነጠላውን ጠቅልለው ወደ ጓዳ ገቡ። አመሻሹን በሴቶች ተከበው ስለነበር ላናግራቸው አልቻልኩም።

ሰኞ ማለዳ ስነሣ እትዬ ዘነበች ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል አለችኝ ሠራተኛቸው። የምከታተልበት ክሊኒክ ሄጄ ተራ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በድካም ቀልቷል።

"እውነቱን ልንገርዎት፤ ታክሮሊመስ መቼ እንደሚገባ አላውቅም" አለኝ። "እስኪያልቅብዎ ከምንጠብቅ ወደ ሳይክሎስፖሪን እቀይርዎታለሁ። ዛሬ ደምዎን እንለካለን፤ አወሳሰዱን እጽፍልዎታለሁ፤ ከዚያ በየጊዜው እየለካን እናስተካክላለን። ችግሩ እሱም ከገበያ ጠፍቷል። የሚያገኙበት ቦታ ይኖራል?"

"አለ!" ብዬ ጮኽኩ። ውጭ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ! ለካ ሰብለ እውነትም አድናኛለች! ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለእትዬ ዘነበች የምላቸውን አሰናዳሁ፤ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ሁሉንም ከሥሩ አስረዳቸዋለሁ፣ በፊታቸው እውጣለሁ። ከታክሲው ወርጄ ወደ ግቢው የገባሁት በሩጫ ነው።

እትዬ ዘነበች በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ አንድ የማር ብልቃጥ አለ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ና ልጄ፣ ና! ትናንት ተቀይሜህ ነበር። በኋላ ሳስበው እውነትህን ነው። አልጋዋንም እንቢ ያልከው ለዚህ ነው አይደል? ሰው ነህ፣ የሙት ዕቃ ያስፈራል። እኔ ነኝ ያላሰብኩት።" ብልቃጡን ሰጡኝ። "እንግዶቹ ሲሄዱ አንድ በአንድ ከማሸጊያው ፈልፍዬ ጠበል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ዛሬ ጠዋት አባ ጸለዩበት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሞቱ ታጥቦለታል። አሁን አትፍራ።"

ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። የእንክብሉ ለስላሳ ቆዳ በውሃው ሟሟ፤ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ አንድ ቡናማ ጓል ሆኗል። ውስጡ የነበረው ዘይት ወጥቶ ብልቃጡን ለቅልቆታል፤ ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ስንቱ መድኃኒት፣ ስንቱ ውሃ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድም ፍሬ አላስቀሩም፤ ለኔ ብለው፣ በፍቅር፣ አንድም አላስቀሩም።

መጮህ አማረኝ። ማሸጊያውን ማን ክፈቱ አለዎት ልላቸው ነበር። ጣቶቻቸውን አየሁ፤ እሱን ሲፈለፍሉ አምሽተው ጥፍራቸው ሥር ደምቷል።

"አሁን ይሆንሃል?" አሉኝ በፍርሃት።

"ይሆነኛል፣ እትዬ።"

"ተመስገን!" ብለው እንባቸው ወረደ። "አሁን ልጄ አረፈች።" ተነሥተው ምሳ አቀረቡ፤ ከኔ ጋርም በሉ። ሐዘን ከገቡ ወዲህ እንዲህ ሲበሉ የመጀመሪያቸው ነው አለችኝ ሠራተኛቸው በጆሮዬ። በኔ ተስፋ የሰው ቤት ሐዘን ወጣ፤ እሰየው።

ማክሰኞ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ያለ ማስክ ተቀመጥኩ፣ መስኮት ክፈቱልኝም አላልኩ። ብልቃጡን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር፤ መንገድ ላይ ልጥለው ስንት ቦታ አስቤ አልሆነልኝም።

እህቴ የሺ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ቤት እንደገባን "አገኘኸው?" አለችኝ። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ በማንኪያ ጫፍ ነካችው፤ ጓሉ አልተንቀሳቀሰም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ስለ አርባው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ጠበሉ። የቀረኝ የአንድ ሳምንት እንኳ እንደማይሞላም ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው፤ ከዚያ እጇን ጎኗ ላይ፣ የቀደዷት ቦታ ላይ አሳረፈች።

"ይመር" አለችኝ፤ "ሌላ የምሰጥህ የለኝም እኮ።"